ድምቀት ወይስ ጭንቅንቅ፦ ከቬሱቪዮስ እስከ ዝቋላ

(በቂሊንጦ ለመምህራንና ለተማሪዎች የተሰጠ ሕዝባዊ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ የቀረበ)

 

ዛሬ ወደዚህ ስመጣ ቱሉ ዲምቱ ላይ መንገድ ተዘግቶብን ረጅም ጊዜ ቆምን። ከፊታችን ሬድ አሽ የጫኑ ገልባጭ መኪናዎች ተሰልፈው ነበር። ሾፌሩ «እነዚህ ደግሞ ከየት ነው የሚመጡት?» ብሎ ሲያማርር ልመልስለት ፈልጌ ተውኩት፤ መልሱ ረጅም ነውና። የሚመጡት ከእሳተ ገሞራ ነው። በዱከምና በቢሾፍቱ ዙሪያ የሚታዩት ሾጣጣ ቀያይ ኮረብቶች ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት የተፉትን ጥቁርና ቀይ ጠጠር እኛ ዛሬ በአካፋና በዶዘር እየዛቅን ለመንገድ መደልደያና ለቤት መሠረት እንጠቀምበታለን። ቱሉ ዲምቱ የሚለው ስም ራሱ በኦሮምኛ «ቀይ ኮረብታ» ማለት እንደሆነ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ።

ሰማዩ በሚጠራበት ቀን ከቂሊንጦ ሆኖ ዙሪያውን ለሚመለከት ሰው በምሥራቅ የረር፣ በምዕራብ ፉሪና ወጨጫ፣ ወደ ደቡብ ራቅ ብሎ ደግሞ ዝቋላ ይታየዋል። አራቱም እሳተ ገሞራ የሠራቸው ተራሮች ናቸው። ከአቃቂ ጉድጓዶች ተስቦ በአዲስ አበባ ቧንቧዎች የሚወርደው ውኃ የተጠራቀመው በእሳተ ገሞራ ዐለት ስንጥቅና ቀዳዳ ውስጥ ነው። በእሳተ ገሞራ ላይ እንኖራለን፤ እሳተ ገሞራ እንጠጣለን፤ ነገር ግን «እሳተ ገሞራ ልንጎበኝ ነው» የሚል ሰው ስንሰማ ሐሳባችን ወዲያው ወደ ሩቅ ይሄዳል። የድንጋዩን ነገር በዚህ አዳራሽ ያሉት የጂኦሎጂ መምህራን ከእኔ በላይ ያውቁታል። እኔ የታሪክ መምህር ነኝና የማጠናው ድንጋዩን ሊያይ የሄደውን ሰው ነው። ዛሬ የማነሣው ጥያቄም የሚመለከተው ያንን ሰው ነው፦ ሰው ተራራ ለማየት ብዙ ደክሞ ከደረሰ በኋላ፣ ሌላው ሰው እዚያ መገኘቱ ለምን ይከፋዋል? ደግሞስ ሁልጊዜ ይከፋው ነበር ወይ?

ጥያቄው የመጣብኝ በመጽሐፍ ገጽ ላይ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ጉባኤ ወደ ጣሊያን ሄጄ ነበር። ጉባኤው ሲያልቅ የቀረችኝን አንዲት ቀን ቬሱቪዮስን ለማየት ወሰንኩ። የመግቢያ ትኬት አስቀድሞ በኢንተርኔት፣ ያውም በሰዓት ተቆርጦ እንደሚገዛ ሳላጣራ በመሄዴ በሩ ላይ ቆሜ በስልኬ ስታገል ቆየሁ። ያገኘሁት ሰዓት ከእኩለ ቀን በኋላ ነበር። ፀሐዩ ይፋጃል። ከአውቶቡስ የሚወርደው ሕዝብ አያልቅም። መንገዱ ግራጫ ጠጠር የለበሰ ዳገት ነው፤ አቧራው ከፊተኛው ሰው ጫማ ተነሥቶ ወደ ኋለኛው አፍ ይገባል። መነሻው ላይ አንድ ሽማግሌ ምርኩዝ ያከራያሉ። እኔም ተከራይቼ ወጣሁ። ጫፍ ስደርስ አፉ ስፋቱ 450 ሜትር ያህል፣ ጥልቀቱ 300 ሜትር ያህል የሆነ ግዙፍ ጉድጓድ ነው። ከግድግዳው ጥግ ቀጭን እንፋሎት ይወጣል። እሱን ለማየት ግን የአጥሩን መደገፊያ የያዙ ሰዎች ፎቶ አንሥተው እስኪጨርሱ መጠበቅ ነበረብኝ። ከጎኔ አንዲት ሴት በማላውቀው ቋንቋ ታጉረመርማለች። ቋንቋውን ባላውቅም የምትለው ገብቶኛል። እኔም በልቤ ያንኑ እያልኩ ነበርና፦ ይህ ሁሉ ሰው ምን ሊያደርግ መጣ?

ከዚያ ራሴን ታዘብኩ። እኔስ ምን ላደርግ መጣሁ?

ወደ ታች ስወርድ አያቴ ትዝ አለችኝ። በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ ልጅ ሳለሁ፣ አያቴ ለመጋቢት አቦ ወደ ዝቋላ ይዛኝ ሄዳ ነበር። ከአቃቂ ጣቢያ በባቡር ተሳፍረን ያኔ ደብረ ዘይት ትባል በነበረችው በቢሾፍቱ ወረድን። ከዚያ በእግር ነው። ያኔ ባቡሩ መስኮት ላይ ተለጥፌ ያየሁት የቂሊንጦና የአካባቢዋ ሜዳ አጨዳ ያለቀበት፣ መሬቱ የተሰነጣጠቀ የጤፍና የሽንብራ ማሳ ነበር። ዝቋላ እግር ሥር፣ ወንበር ማርያም ላይ ስንደርስ ሕዝቡ እንደ ጎርፍ ነበር። በሽተኛ ያዘለ አለ፤ የስለት ጃንጥላ የተሸከመ አለ፤ በግ የሚጎትት አለ። ጽዱን እያቋረጥን በጨለማ ወጣን። ሌሊቱን በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ጎን ለጎን ተጠጋግተን አደርን፤ እግሬን የምዘረጋበት ቦታ አልነበረም። ንጋት ላይ በተራራው አናት፣ በእሳተ ገሞራው አፍ ውስጥ የተኛውን ሐይቅ አየሁ። ወደ ቤታችን ስንመለስ ጎረቤት «እንዴት ነበር?» ብሎ ሲጠይቃት አያቴ የመለሰችው አንድ ቃል ነበር፦ «ደምቋል!»

ያን ሌሊት የነበረው የሰው ጥግግት ከቬሱቪዮሱ ይበልጥ እንደነበር እርግጠኛ ነኝ። አያቴ «ደመቀ» አለች፤ እኔ ግን «ተጨናነቀ» አልኩ። ለአንድ ዓይነት ነገር ቋንቋችን ሁለት ቃል አለው። ከአንዱ ቃል ወደ ሌላው እንዴት እንደተሻገርን መመርመር የታሪክ ጸሐፊ ሥራ ይመስለኛል።

ከዝቋላ እንጀምር። ዝቋላ ከባሕር ወለል በላይ 2,989 ሜትር ከፍታ አለው። በክርስቲያኑ ትውፊት አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በሐይቁ ውስጥ ሆነው ለኢትዮጵያ የጸለዩበት ቦታ ነው፤ በዓላቸው በጥቅምት 5 እና በመጋቢት 5 ይከበራል። ለአካባቢው ኦሮሞም ተራራው ከጥንት ጀምሮ የተከበረ ነው። ስለዚህ ዝቋላ የሁለት ወገን ተሳላሚ ያለው ተራራ ነው ማለት ይቻላል። ለእኔ ርእስ ይበልጥ የሚያስፈልገው ግን ሌላ ነገር ነው። በ15ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ፍራ ማውሮ የተባለ በቬኒስ የሚኖር መነኩሴ በሠራው ታላቅ የዓለም ካርታ ላይ የዝቋላ ስም ተጽፎ ይገኛል። ፍራ ማውሮ ኢትዮጵያን አላያትም። እርሱ ራሱ በካርታው ላይ እንዳሰፈረው፣ የአገሩን አውራጃዎች፣ ወንዞችና ተራሮች ከነስማቸው በገዛ እጃቸው ሥለው ያሳዩት ከዚያው አገር የመጡ የሃይማኖት ሰዎች ናቸው። ይህን ነገር ተማሪዎቼ አንዳንድ ጊዜ በችኮላ ያልፉታል፤ እኔ ግን ቆም ብላችሁ እንድታስቡበት እለምናችኋለሁ። የኛን እሳተ ገሞራ ለዓለም ያስተዋወቀው ባሕር ተሻግሮ የመጣ አሳሽ ሳይሆን፣ ከአገሩ ወጥቶ ባሕር የተሻገረ ኢትዮጵያዊ ነው። ኢየሩሳሌም ለመሳለም የወጡ መነኮሳት በሰው አገር ተቀምጠው የትውልድ አገራቸውን ሲያስቡ ከሣሏቸው ምልክቶች አንዱ ይህ ተራራ ነበር።

«ተሳላሚ» የሚለውን ቃል ደጋግሜ እጠቀማለሁ፤ በምክንያት ነው። ዛሬ «ጎብኚ» እንላለን። «ጎበኘ» ግን በቀደመው አነጋገር የበላይ ሆኖ መጥቶ አየ፣ መረመረ ወይም የታመመ ጠየቀ የሚል ስሜት አለው፤ ሹም ሥራ ይጎበኛል፣ ዘመድ በሽተኛ ይጎበኛል። የሚጎበኘው ቦታ ዝም ብሎ ይታያል። «ተሳለመ» ሲባል ግን ቦታው የሚሳለሙት ባለቤት አለው፤ ሄያጁ ዝቅ ይላል። ተሳላሚ ሌላ ተሳላሚ ሲመጣ ክብሩ አይቀንስበትም፤ የሚሳለመው ነገር በመብዛታቸው አያልቅምና። ጎብኚ ግን አንድ ነገር ሊወስድ ነው የሚመጣው፦ እይታውን፣ ጸጥታውን፣ ፎቶውን። ስለዚህ ሌላው ጎብኚ ተሻሚው ነው። አውሮፓም ቢሆን ከዚህ የተለየ ታሪክ የለውም፤ ጃፓንም እንደዚሁ።

የጃፓኑ ፉጂ ተራራ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በኤዶ ዘመን «ፉጂ ኮ» የሚባሉ የምእመናን ማኅበራት ነበሩ። አባላቱ ገንዘብ እያዋጡ በየዓመቱ ጥቂት ሰዎችን በዕጣ መርጠው ወደ ተራራው ይልኩ ነበር። እቁብና ማኅበር ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም። የተላከው ሰው የሚወጣው ስለ ሁሉም ነው። በዚያው ተራራ፣ ዮሺዳ በሚባለው መንገድ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 በቀን ከ4,000 ሰው በላይ እንዳይወጣ ተወሰነ፤ ለመውጣትም 2,000 የን እንዲከፈል ተደረገ። በዓመቱ ክፍያው ወደ 4,000 የን አደገ። ውሳኔውን አልነቅፍም፤ ተራራው በቆሻሻ መማረሩ እውነት ነው። ብቻ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፦ ማኅበሩ በዕጣ ይሠራው የነበረውን ማመጣጠን ዛሬ የሚሠራው በርና ክፍያ ነው።

ወደ ቬሱቪዮስ ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ79 ፖምፔይን የቀበረው ይህ ተራራ በ18ኛው መቶ ዓመት የአውሮፓ ባለጸጎች ልጆች ጣሊያንን ሲዞሩ ሳያዩት የማይመለሱት ስፍራ ሆነ። ገጣሚው ጎተ እ.ኤ.አ. በ1787 ወጥቶበታል። በ1841 በዓለም የመጀመሪያው የእሳተ ገሞራ መከታተያ ጣቢያ ተሠራበት። በ1880 ደግሞ ሰውን ወደ አፉ ጫፍ የሚያደርስ በገመድ የሚጎተት ባቡር ተዘረጋ፤ ዛሬም ዓለም የሚያውቀው «ፉኒኩሊ ፉኒኩላ» የተባለው የኔፕልስ ዘፈን የተደረሰው ለዚያ ባቡር ነው። በዚያው አሥር ዓመት መጨረሻ ባቡሩን የእንግሊዙ የጉዞ ድርጅት ቶማስ ኩክ ገዛው።

እስከዚህ ያለውን ታሪክ ማንኛውም የጉዞ መጽሐፍ ይነግራችኋል። የማይነግራችሁ ከባቡሩ በፊት ስለነበሩት ሰዎች ነው። ከባቡሩ በፊት ተጓዡን መንገድ የሚያሳዩት፣ ዳገት ሲከብደው በማሰሪያ የሚጎትቱት፣ ሴቶችንና ሽማግሌዎችን በወንበር ተሸክመው የሚያወጡት የተራራው ግርጌ ነዋሪዎች ነበሩ። ባቡሩ እንጀራቸውን ነጠቃቸው። ጣቢያ እስከ ማቃጠልና ሐዲድ እስከ መቁረጥ ደረሱ። በመጨረሻ ድርድር ሆነና ከእያንዳንዱ መንገደኛ ድርሻ ተመደበላቸው። ባቡሩን ያጠፋው ግን የእነርሱ ቁጣ አልነበረም፤ በ1906 ፍንዳታ ክፉኛ ተጎዳ፣ በ1944ቱ ፍንዳታ ደግሞ ጨርሶ ጠፋ። እንግዲህ ያን ቀን ምርኩዝ ያከራዩኝ ሽማግሌ የማን ልጅ ልጅ ይሆኑ? ጥያቄው በአእምሮዬ የመጣው አውቶቡስ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው። በጊዜው ግን የኪራዩን ሒሳብ ስከራከር ነበር።

ወደ ኔፕልስ ከመጣን አንድ ኢትዮጵያዊ ሳናነሣ ማለፍ አይገባም። የዘጌው ተወላጅ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በዚያች ከተማ በምሥራቃውያን ጥናት ተቋም አማርኛ ያስተምር ነበር። ቬሱቪዮስ ከኔፕልስ ጎዳናዎች ይታያል፤ የ1906ቱ ፍንዳታም በዚያው በማስተማሪያው ዘመን የሆነ ነው። አፈወርቅን ሁላችሁም የምታውቁት እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ላይ ባሳተመው ልብ ወለድ ነው። በዚያው ዓመት ግን ሌላ መጽሐፍም አሳትሟል፤ በፈረንሳይኛና በአማርኛ የተዘጋጀ፣ ወደ ሐበሻ አገር ለሚሄድ መንገደኛ የሚሆን መምሪያ። እኔ በዚህ ነገር እጅግ እደነቃለሁ። በዓለም እጅግ የተጎበኘ እሳተ ገሞራ በሚታይበት ከተማ ተቀምጦ፣ ቱሪስት ምን ዓይነት ፍጡር እንደሆነ በየቀኑ እያየ፣ አንድ ኢትዮጵያዊ የራሱን አገር ለመጪው እንግዳ ያዘጋጃል። አፈወርቅ በኋለኛው ዘመን በፖለቲካው የሠራው ሥራ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ፍርዱም ከባድ ነው። የጉዞ ታሪካችን ሲጻፍ ግን ይህቺ መጽሐፍ ከመጀመሪያዎቹ ገጾች በአንዱ ላይ መግባት አለባት።

መንግሥታዊው የቱሪዝም ሥራ የመጣው ከዚያ ከግማሽ መቶ ዓመት በኋላ ነው። በ1950ዎቹ ዓመታት፣ በአቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ መሪነት፣ «የ13 ወር ጸጋ» የሚለው መፈክር ወጣ። ያ ሥራ ያነገሠው የሰሜኑን የታሪክ መስመር ነበር፦ አክሱም፣ ላሊበላ፣ ጎንደር፣ ጣና። እሳተ ገሞራው ገና የሳይንቲስቶች ነበር። አሩን ታዚዬፍና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ አፋርን ሲያጠኑ ኤርታ አሌ ላይ ያገኙትን የቀለጠ ዐለት ሐይቅ ዓለም አወቀው። አፋሮች ግን ከዚያ አስቀድመው ያውቁት ነበር፤ ስሙም «የሚያጨስ ተራራ» የሚል ትርጉም ያለው የእነርሱ ቃል ነው።

ኤርታ አሌ 613 ሜትር ብቻ ከፍታ ያለው፣ ነገር ግን በመሬት ላይ ካሉ እጅግ ሞቃት ስፍራዎች በአንዱ የሚገኝ ተራራ ነው። እኔ የወጣሁበት ጊዜ እንደ ልማዱ ማታ ነበር፤ ቀን አይሞከርም። በፊት መብራት ተከታትለን፣ ከኋላ ግመሎች ፍራሽና ውኃ ጭነው፣ ከፊትና ከኋላ የታጠቁ ጠባቂዎች ይዘን ሄድን። ጫፉ ላይ ከሰባት አገር የመጡ ሰዎች ነበሩ። እኔም እንደ ቬሱቪዮስ ላጉረመርም ስል፣ መሪያችን የሆነው አፋር ወጣት አንድ ነገር ጠየቀኝ፦ «አንተ አገርህ ነው፤ ለምን እስከዛሬ ሳትመጣ ቀረህ?» መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም።

በጥር 2004 ዓ.ም. በዚያ ተራራ ላይ ታጣቂዎች ተኩስ ከፍተው አምስት የውጭ አገር ጎብኚዎችን ገደሉ፤ ሁለት ጀርመናውያንንና ሁለት ኢትዮጵያውያንን አግተው ወሰዱ። የዚያን ሰሞን ዜና እስኪ መለስ ብላችሁ አንብቡት። የውጭዎቹ አገራቸው፣ ዕድሜያቸው፣ ሥራቸው አንድ በአንድ ይዘረዘራል፤ ሁለቱ ኢትዮጵያውያን በአብዛኛው በአረፍተ ነገሩ ጭራ ላይ ይመጣሉ። ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። በኒውዚላንድ ዋካሪ የተባለችው ደሴት እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 9 ቀን 2019 ስትፈነዳ 47 ሰዎች በላይዋ ነበሩ፤ 22ቱ ሞቱ። ከሟቾቹ ሁለቱ አስጎብኚዎች ነበሩ። ጎብኚ ተራራውን በዕድሜው አንዴ ያየዋል። መሪው ግን የሚመላለሰው በየቀኑ ነው፤ አደጋውም የሚመላለሰው ከእርሱ ጋር ነው።

በኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ከኤርታ አሌ ጎን ያለው ሃይሊ ጉቢ ፈነዳ። በጽሑፍ የተመዘገበ የቀደመ ፍንዳታ ያልነበረው ተራራ ነው። አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመንና በኦማን በኩል እስከ ፓኪስታንና ሕንድ ደረሰ፤ በረራዎች ተሰረዙ። ዓለም የሰማው ስለ በረራዎቹ ነበር። አፍዴራ ላይ ግን ወደ በረሃው ሊገቡ የነበሩ ጎብኚዎችና መሪዎቻቸው በአመድ መካከል ቆመው ቀሩ። የሰው ሕይወት አለመጥፋቱ ተነገረ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። የአርብቶ አደሩ ግጦሽ ግን ከአመዱ ሥር ነበር። ፍየል ደግሞ በረራ ቀይራ አትሄድም።

አሁን ወደ ቅርባችን ልመለስና ከባዱን ነገር ላንሣ። የቢሾፍቱን ሐይቆች ታውቃላችሁ። ሆራ አርሰዲ፣ ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያ እያንዳንዳቸው የቀለጠ ዐለት ከከርሰ ምድር ውኃ ጋር ተገናኝቶ ባፈነዳው ጉድጓድ ውስጥ የተጠራቀሙ ናቸው። ጂኦሎጂስቶች እንዲህ ያለውን ጉድጓድ «ማር» ይሉታል፤ ከጀርመንኛ የተወሰደ ቃል ነው፤ የእኛን ጆሮ ግን ሌላ ነገር ያስመኘዋል። (ሳቅ) በልጅነቴ ወደ ሐይቅ ዳርቻ መውረድ ፈቃድ የሚያስጠይቅ ነገር አልነበረም። ዛሬ የዳርቻው ከፊል በሆቴልና በመዝናኛ አጥር ውስጥ ነው፤ ውኃውን ለማየት ቢያንስ አንድ ማኪያቶ ማዘዝ ያስፈልጋል። እዚያ ሲቀመጡ ጸጥታው ደስ ይላል። ጸጥታው ደስ የሚለው ሌላው ሰው ከአጥሩ ውጪ ስለሆነ ነው። እኔም እዚያ ተቀምጬ ጽፌያለሁ፤ አልዋሽም።

ሆራ አርሰዲ ግን በዓመት አንድ ቀን ማንም ሊያጥረው አይችልም። ከመስቀል በኋላ በሚውለው እሑድ ለኢሬቻ እጅግ ብዙ ሕዝብ፣ እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ ለምስጋና ይወርዳል። በመስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በዚያ በዓል ላይ ተቃውሞ ተነሣ፤ የጸጥታ ኃይሎች አስለቃሽ ጭስ ተኮሱ፤ ሕዝቡ ሲሸሽ ብዙዎች በአቅራቢያው በነበረ ጥልቅ ገደል ውስጥ ወድቀው ተረጋግጠው ሞቱ። መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር ከ50 በላይ መሆኑን አምኗል፤ ቁጥሩ ከዚያ እጅግ ይበልጣል የሚሉ አሉ። ይህን የማነሣው የፖለቲካውን ክርክር እዚህ ለመፍታት አይደለም። የማነሣው «የሕዝብ ብዛት ያመጣው አደጋ» የሚለውን አነጋገር ስለምቃወም ነው። ሕዝቡ በየዓመቱ ይበዛ ነበር፤ በየዓመቱም በአባ ገዳዎችና በወጣቶች ሥርዐት ገብቶ ይወጣ ነበር። ያ ድምቀት ወደ ሞት የተለወጠው ጭስና ድንጋጤ ገደል ባለበት መሬት ላይ ሲገናኙ ነው። የሆነውን ለብዛቱ ከሰጠን፣ የሠራውን እጅ እናልፈዋለን፤ ለወደፊቱም መፍትሔው ሰውን መቀነስ ብቻ ይመስለናል።

እዚህ ላይ አንድ ወዳጄ ይህን ጽሑፍ አስቀድሞ አንብቦ የተቃወመኝን ልናገር። «አንተ ተሳላሚን ታሞካሻለህ፤ ተሳላሚም እኮ ጽድ ይቆርጣል፣ ላስቲክ ይጥላል» አለኝ። እውነቱን ነው። ዝቋላ ላይ በ2004 ዓ.ም. መጋቢት ገደማ ደኑ በእሳት ተያይዞ መነኮሳቱና ከየአቅጣጫው የደረሰው ወጣት ሲታገል እንደነበር ታስታውሳላችሁ። የእሳቱ መነሻ ምንም ይሁን፣ ደኑ ብዙ ሰው የሚችልበት ወሰን እንዳለው ያ ቀን አሳይቷል። ስለዚህ ተሳላሚ ንጹሕ ነው፣ ጎብኚ ወንጀለኛ ነው እያልኩ አይደለም። የምለው፦ ስለ ወሰን ስንነጋገር ማን በሩን እንደሚይዝ እንጠይቅ ነው። በቬሱቪዮስ መሪዎቹ ሲቃጠሉ ኖረው በድርድር ድርሻ አገኙ። በፉጂ ማኅበሩ ሄዶ ክፍያው መጣ። በኛ ተራሮችስ? ይህ ነገር ገና አልተወሰነም፤ የሚወስኑትም በዚህ አዳራሽ የተቀመጡ መሐንዲሶችና ባለሙያዎች ሊሆኑ ይችላሉ። መንገዱን የምትቀይሱት እናንተ ናችሁ።

ባለፈው መጋቢት አቦ ወደ ዝቋላ ተመልሼ ሄጄ ነበር። ጉዞው እንደ ቀድሞው አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በገዳሙ መነኮሳት ላይ የደረሰው ግድያ የብዙውን ሰው እግር አሳጥሯል፤ ከአዲስ አበባ አብረውኝ ሊሄዱ የነበሩ ሁለት ባልደረቦቼም በመጨረሻ ቀን ቀሩ። ወንበር ማርያም ላይ በቅሎ የሚያከራዩ አንድ አዛውንት አገኘሁ። ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ፣ እንደ ልማዴ፣ «አባባ፣ ዘንድሮ ስንት ሰው ይመጣ ይሆን?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ትንሽ አስበው «ሰው መቁጠር ነውር ነው፤ የበቅሎዬን ልንገርህ» አሉኝ። «በደህናው ጊዜ ለአንድ በዓል አምስት ጊዜ ወጥታ ትወርድ ነበር። ጀርባዋ እየቆሰለ እኔ ነበርኩ የምከለክላት። ዘንድሮ ገና አንድ ጊዜ ነው የወጣችው፤ ይኸው ቆማ ጭራዋን ታወዛውዛለች።» ከዚያ ልጓሟን አስተካክለው ወደ እኔ መለሷት።

ተሳፍሬ ወጣሁ። ሁለተኛዋ ጉዞ እኔ ነበርኩ።

ጥያቄ ያለው ካለ፣ ከኋላ ወንበር እንጀምር።